ማይክል ኮርሊዮኔ፦ ዕድሉ የጎተተው ሰው ነው ወይስ ዕድሉን የጎተተ?

የመንቆረር ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

እንደምን ሰነበታችሁ ወገኖች። ይችን ክር የከፈትኩት ከጓደኞቼ ጋር ተከራክረን መግባባት ስላቃተን ነው። ጉዳዩ «ዘ ጎድፋዘር» ነው። ፊልሙን ያላየ ካለ ከዚህ ይመለስ፤ ሁሉንም ነው የምዘረግፈው። በ1972 እ.ኤ.አ. የወጣ ፊልም ስለሆነ «መጨረሻውን ነገርከኝ» ብሎ የሚቀየመኝ አይኖርም ብዬ ነው።

ማይክል ኮርሊዮኔ፣ የማፊያው አለቃ፣ የዕድሉ ተጠቂ ነው ወይስ የዕድሉ ጌታ?

እኔ ተጠቂ ነው ባይ ነኝ። ልጁ ከዚያ ቤት ለመውጣት የቻለውን ሁሉ አድርጓል። ኮሌጅ ገባ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘምቶ ሜዳሊያ ይዞ ተመለሰ። በእህቱ በኮኒ ሰርግ ላይ ወታደራዊ ልብሱን ለብሶ፣ ፍቅረኛውን ኬይን አጠገቡ አስቀምጦ፣ አባቱ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ሳይደብቅ ነገራት። ቤተሰቡ እንደዚያ ቢሆንም እሱ እንደማይሆን አስረግጦ ነገራት። እንግዲህ ሰው ከዚህ በላይ ምን ያድርግ?

ከዚያ ሶሎዞ የሚባል ሰው የአደንዛዥ ዕፅ ንግድ ይዞ መጣ። የማይክል አባት፣ ሽማግሌው ቪቶ፣ እምቢ አለ። እምቢ ስላለ መንገድ ላይ ብርቱካን ሲገዛ በጥይት ደበደቡት። ልብ በሉ፣ ቪቶ ያን ቀን የተመታው መጥፎ ነገር ስለሠራ ሳይሆን አንድ ደህና ነገር ስላደረገ ነው። ማይክል አባቱን ሊጠይቅ ሆስፒታል ሲሄድ ጠባቂዎቹ የሉም። ወለሉ ባዶ ነው። ገዳዮቹ እየመጡ ነው። የአባቱን አልጋ ከነርሷ ጋር እየገፋ ሌላ ክፍል ደበቀው። ደጃፍ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ማክላስኪ የሚባለው የፖሊስ አዛዥ መጥቶ መንጋጋውን ሰበረው።

እንግዲህ ሕግ የሚባለው ነገር ራሱ ከገዳዩ ጋር ቆሟል። አባትህ ተኝቷል። ታላቅ ወንድምህ ሶኒ ግልፍተኛ ነው። ሁለተኛው ፍሬዶ አባቱ ሲመታ ሽጉጡን እንኳ በወጉ መያዝ አቅቶት ያለቀሰ ነው። የቀረኸው አንተ ነህ። እኛ አገር «የአባት ዕዳ ለልጅ» የሚባለው ለዚህ አይደል? አገራችን ላይ አባቱ ተመትቶበት ዝም ያለ ልጅ ገበያ መሃል እንዴት እንደሚታይ ለጎጃም ሰው አልነግርም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ተከታትሎ የመጣ ነው። ሁለት ሰው ገደለ፣ ሲሲሊ ተሰደደ፣ እዚያ ያገባት አፖሎኒያ ለሱ በተጠመደ ቦምብ መኪና ውስጥ ሞተች፣ እዚህ ሶኒ መንገድ ላይ በጥይት ተበሳሳ። የተመለሰው ሌላ ሰው ሆኖ ነው። የአርባ ቀን ዕድሉ ነው እላለሁ። አበቃሁ። ዱላችሁን አምጡ።

ቆጋ ዳር (መራዊ)

ፍሬዶስ? እሱንም ዕድል ገደለው በለን እስቲ።

የመንቆረር ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

ቆይ እንጅ ወንድምየ። ገና አንደኛው ክፍል ላይ ነን። ፍሬዶ ጋ እንደርሳለን።

እታለም (ቡሬ)

ሰላም ለሁላችሁ። የመንቆረር ልጅ፣ ነገሩን አሳምረህ ነው ያቀረብከው። ግን ዋናውን ትዕይንት በሁለት ቃል ዘለልከው። «ሁለት ሰው ገደለ» ብቻ! እንዴት ገደለ? ማን ግደል አለው?

ማይክል መንጋጋው አብጦ ቤት ሲመለስ ምክክር ተይዟል። ሶኒ አለ፣ የጉዲፈቻ ወንድማቸው ቶም ሄገን አለ፣ የቪቶ ሰዎች ክሌመንዛና ቴሲዮ አሉ። አንዳቸውም «ማይክል ተነስ፣ የአባትህን ደም መልስ» አላሉትም። እንዲያውም የቆጠረው ሰው የለም። ቶም የፖሊስ አዛዥ ከተገደለ አገሩ ሁሉ ይነሳብናል ብሎ እየተቃወመ ነው። ያን ጊዜ ነው ማይክል ከተቀመጠበት ሳይነሳ፣ ድምፁን እንኳ ከፍ ሳያደርግ፣ ዕቅዱን የዘረጋው። ሶሎዞ ሊያነጋግረኝ ይፈልጋል፤ እሽ በሉት። ቦታው ሰው የሚበዛበት ምግብ ቤት ይሁን። ሽጉጥ ቀድማችሁ ደብቁልኝ። ሁለቱንም እመታለሁ። ፖሊሱ ሌባ ስለሆነ የምንከፍላቸው ጋዜጠኞች ታሪኩን ይጻፉት። ካሜራው ቀስ እያለ ወደሱ ይጠጋል። ሶኒ ሳቀበት። ወንድምየው እየሳቀበት ነው እሱ የገባበት፤ እየገፋው አይደለም።

ጋዜጠኞቹን ያሰባቸው ነገር ነው እኔን ሁሌ የሚገርመኝ። በንዴት የሚገድል ሰው ከግድያው በኋላ ጋዜጣው ምን እንደሚጽፍ ያስባል እንዴ?

ደግሞ የሆስፒታሉን ደጃፍ ነገርከን፣ ግን ኤንዞን ረሳኸው። ኤንዞ ዳቦ ጋጋሪው ሽማግሌውን ሊጠይቅ አበባ ይዞ የመጣ ምስኪን ነው። ሁለቱ የኮታቸውን ኮሌታ ገልብጠው፣ የታጠቁ መስለው ደጃፉ ላይ ቆሙ። የገዳዮቹ መኪና አይቷቸው አለፈ። ከዚያ ኤንዞ ሲጋራ ሊለኩስ ሲል እጁ ተንቀጠቀጠ። ማይክል ተቀብሎ ለኮሰለት። ከዚያ የራሱን እጅ አየው። ምንም አይንቀጠቀጥም። እኔ ፊልሙ ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ ምረጭ ብትሉኝ ይሄን ነው። ሰውየው ለዚህ ሥራ እንደሚሆን ያወቀው እዚያ ነው። የሚችለውን ነገር አየ፣ በማግስቱ ተጠቀመበት። ይሄ ተጠቂ ነው ትለኛለህ?

የመንቆረር ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

እታለም፣ እጁ አለመንቀጠቀጡን መርጦ ነው? ከጦር ሜዳ የመጣ ሰው ነው። ያንን እጅ የሠራለት ጦርነቱ ነው። አየሽ፣ አንቺው ለኔ እየተከራከርሽልኝ ነው።

እታለም (ቡሬ)

እጁን አልመረጠውም። ሽጉጡን መርጧል።

የበረሃው ሾፌር (ደጀን)

ይሄ ነገር ለኛ ለሾፌሮች ቀላል ነው። የአባይን በረሃ በጭነት መኪና የወረደ ሰው ያውቀዋል። ቁልቁለቱ መሃል ላይ ፍሬን እምቢ ቢልህ ጥፋተኛው ቁልቁለቱ ነው ማለት ትችላለህ። ግን ማርሽ የሚመረጠው ገና አናቱ ላይ፣ ሳትጀምር ነው። ልጁ አናቱ ላይ እያለ ቶም «ተው» ብሎታል። ከባድ ማርሽ ይዞ መውረድ ይችል ነበር። ማለቴ ሽማግሌው እስኪድን መጠበቅ ይችል ነበር። ሽማግሌውስ ድኖ የለም እንዴ?

የመንቆረር ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

ሶሎዞ እስኪድን ይጠብቃል ብለህ ነው? ሆስፒታል ድረስ ገዳይ የላከ ሰው! ማይክል ራሱ የሚለው ይሄንኑ ነው፤ ሶሎዞ እያለ አባቴ በሕይወት አይቆይም ነው የሚል። ደግሞም እውነቱን ነው።

አማኑኤል መንገድ (አማኑኤል)

እኔ ከመንቆረር ልጅ ጎን ነኝ። አባቱ ተገድሎበት ጫካ ለገባ ሰው የሚዘፍን አገር ልጆች ሆነን ማይክል ላይ መፍረድ አይከብደንም? በላይ ዘለቀ እንዴት ሸፈተ? አባቱ ተገድሎበት አይደል? ማን መርጦ ይሸፍታል? ሽፍትነት መጥቶ ይወስድሃል እንጅ።

ብቸና ነኝ (ብቸና)

አንተ! አባ ኮስትርን ከማፊያ ጋር አንድ ገጽ ላይ ስታስቀምጠው እጅህ አልተንቀጠቀጠም? የእታለም ኤንዞ እንኳ ካንተ ይሻላል።

በላይ ሲሸፍት በደም ነገር ሸፈተ፤ እሽ። ጣሊያን ሲመጣ ግን ምን አደረገ? ያንኑ ጠመንጃ ይዞ አርበኛ ሆነ። አገር ነጻ አወጣ። መጨረሻው ሌላ ነው፤ 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ፣ እስካሁን የሚያንገበግበን ነገር ነው። ዕድል ጠመንጃ አስያዘው ብትል እንኳ ጠመንጃውን ወዴት እንዳዞረው አይተሃል። ማይክል ወዴት አዞረው? ወደ እህቱ ባል፣ ወደ ወንድሙ። በል አሁን ስሙን መልስ።

አማኑኤል መንገድ (አማኑኤል)

ኧረ በሚካኤል አትቆጣ። አመሳሰልኩ እንጅ አስተካከልኩ አላልኩም። አሟሟቱን እያሰብኩ ነበር። እንደዚያ ዓይነት ሰው ያን ዓይነት መጨረሻ ሲገጥመው ዕድል አይደለም የምትል አንተ ነህ?

አወያይ

በላይ ዘለቀ የራሱ ክር ይገባዋል፤ እዚያ በሰፊው እናውራ። እዚህ በኮርሊዮኔዎች እንቀጥል። ስድብ ያላለፈው ስለሌለ ምንም አልሰረዝኩም።

ዋሸራ (ሰከላ)

እኔ ዲያቆን ነኝ፤ ፊልሙን ያየሁትም ብዙዎቻችሁ ካያችሁ በኋላ ነው። «የአርባ ቀን ዕድል» ስላላችሁ ዝም ማለት አልቻልኩም። ምክንያቱም ማይክል የሚጠፋበት ትልቁ ትዕይንት ራሱ ክርስትና ነው።

እኛ ቤተ ክርስቲያን ወንዱ በአርባ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀን ትጠመቃለች። ሕፃን መናገር ስለማይችል የክርስትና አባቱ ስለሱ ይናገራል። ፊቱን ወደ ምዕራብ መልሶ ሰይጣንን ይክዳል። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞሮ እምነቱን ይመሰክራል። ካቶሊኮቹም ሥርዓታቸው ቢለይ ክህደቱ አለ። ቄሱ ማይክልን ሰይጣንን ትክዳለህ ወይ ብሎ ይጠይቀዋል። እክዳለሁ ይላል። ልክ እሱ እክዳለሁ በሚልበት ሰዓት የሌሎቹ ቤተሰቦች አለቆች በየቦታው እየተገደሉ ነው። አንዱ ደረጃ ላይ፣ አንዱ አልጋ ላይ፣ አንዱ ተሽከርካሪ በር ውስጥ። ሕፃኑ የኮኒና የካርሎ ልጅ ነው። በስሙ ማይክል ተብሏል። ከክርስትናው መልስ፣ በዚያው ቀን፣ የሕፃኑን አባት ካርሎን አስገደለው።

የእናንተን ጥያቄ ከዚህ አንጻር ልየው። ሰውየው ያን ቀን ያለበት ቦታ የተገደደበት ቦታ አይደለም። ሰዓቱንም ቦታውንም ራሱ ነው ያቀናጀው። ግድያው ክርስትናው ላይ የዋለው ማንም እንዳይጠረጥረው ነው። ዕድል እንዲህ ያለ የሰዓት ዝርዝር አይጽፍም። አንድ ሕፃን ወክሎ ቃል የገባ ሰው፣ በዚያው አፉ ሕፃኑን አባት አልባ አደረገው። የአርባ ቀን ዕድል ካላችሁ፣ ዕድሉ የተበላሸበትስ ያ ሕፃን ነው።

ቆጋ ዳር (መራዊ)

ዲያቆን፣ ይባርክህ። «በል ክፈት» ብለው ቁልፉን ሰጡህ።

የመንቆረር ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

ዲያቆን፣ ካርሎ እኮ ሶኒን አሳልፎ የሰጠ ነው። ሚስቱን ደብድቦ ሶኒን በንዴት እንዲወጣ ያደረገው እሱ ነው። ከአለቆቹ አንዱ ባርዚኒም ቢሆን ማይክልን ሊያስገድለው ቀጠሮ ይዟል። ቴሲዮ፣ የአባቱ የቀድሞ ሰው፣ ሸጦታል። ቪቶ ሳይሞት ለልጁ ነግሮታል፤ የስብሰባ ጥሪ ይዞልህ የሚመጣው ሰው እሱ ከሃዲው ነው ብሎ። እና ምን ያድርግ? ቀድሞ ካልመታ ይመታል። ራስን መከላከል አይባልም?

ጋሽ መምህር (ደብረ ማርቆስ)

ልጆቼ፣ ክርክራችሁን ከጥግ ቆሜ ሳነብ ቆይቻለሁ። የሥነ ጽሑፍ መምህር ነበርኩ፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ሲሲሊ ድረስ ከመሄዳችሁ በፊት ማንኩሳ ጎራ ብትሉ ደግ ነው።

«ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ነው የታተመው። «ዘ ጎድፋዘር» በመጽሐፍነቱ 1969 እ.ኤ.አ. ነው። ሁለቱም ልጅ በወላጁ ውል ስለመታሰሩ ይናገራሉ። በዛብህ የስለት ልጅ ነው። ወላጆቹ ቢያድግልን ለቤተ ክርስቲያን እንሰጠዋለን ብለው ተሳሉ። እሱ ሳይጠየቅ ሕይወቱ ተሰጠች። ጎልምሶ ሰብለ ወንጌልን ሲወድ የተሳሉበት ስለት ከውስጡ ይወቅሰዋል። ከውጭ ደግሞ የፊታውራሪ መሸሻ ዘርና ማዕረግ አለ። ሁለት ግንብ መሃል ነው። ተጠቂ የሚባል ሰው ካስፈለገ ይሄው በዛብህ። የሚያዝበት ሥልጣን የለውም። የሚያዝዘው ሰው የለውም። ያለው አንድ ነገር መሸሽ ነው፤ ሸሸ።

ማይክልን ከዚህ ልጅ አጠገብ አቁሙትና እዩት። ማይክል ሀብት አለው፣ ጠበቃ አለው፣ የሚታዘዝለት ሠራዊት አለው። አገር ቢለቅ የሚቀበለው አገር አለው። የሚወዳት ሴት ትጠብቀዋለች።

ደግሞ አንድ ሰው አትርሱ። ጉዱ ካሳ። ከዚያው ከመኳንንቱ ወገን ነው። እዚያው ቤት ይበላል፣ እዚያው ይውላል። ሥርዓቱ ግን ገብቶት እምቢ አለ። እብድ አሉት፣ ጉዱ አሉት፣ ግድ አልሰጠውም። ቤት ሰውን ይሠራል የምትሉ ሁሉ ለጉዱ ካሳ መልስ ፈልጉለት።

የመንቆረር ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን፤ እርስዎ ሲገቡ ክሩ ክብር አገኘ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ጉዱ ካሳስ መጨረሻው ምን ሆነ? እምቢ ያለውም እሽ ያለውም እኩል ከጠፋ እምቢታው የቱ ላይ ነው ጥቅሙ?

ጋሽ መምህር (ደብረ ማርቆስ)

ጉዱ ካሳ ሲቀበር ከሁለቱ ከሚወዳቸው ሰዎች ጋር ነው የተቀበረው። ማይክል ከማን ጋር ነው የሞተው? ሦስተኛውን ክፍል ተመልከት፤ ሲሲሊ ውስጥ ወንበር ላይ፣ ብቻውን። እኩል አልጠፉም ልጄ።

እታለም (ቡሬ)

ጋሼ፣ የበዛብህን ነገር ማንሳትዎ አንድ ነገር አስታወሰኝ። ለማይክልም ወላጁ የተመኘለት ዕጣ ነበረው። ግን ዕጣው ማፊያነት አልነበረም!

ቪቶ ከመሞቱ በፊት አትክልት ቦታው ውስጥ ተቀምጠው የሚያወሩትን ታስታውሳላችሁ? ሽማግሌው ይሄን ሥራ ላንተ አልፈለግሁትም ይለዋል። እሱ ራሱ ዕድሜውን ሁሉ ትልልቆቹ በሚጎትቱት ገመድ አልደንስም ብሎ እንደኖረ ይነግረዋል። ልጁ ግን ገመዱን የሚይዝ ሰው እንዲሆን ነበር ምኞቱ። ሴናተር ኮርሊዮኔ፣ አገረ ገዥ ኮርሊዮኔ። ጊዜ አልበቃኝም ይላል። ማይክልም እንደርሳለን ይለዋል።

አሁን የሁለተኛውን ክፍል መጨረሻ አምጡት። 1941 እ.ኤ.አ.፣ የቪቶ የልደት ቀን፣ ጃፓን ፐርል ሃርበርን የመታችበት ሰሞን። ወንድማማቾቹ ማዕድ ላይ ናቸው። ማይክል ትምህርቴን ትቼ ወታደር ልሆን ተመዝግቤያለሁ አለ። ሶኒ ሊመታው ደረሰ። ቶም አባትህ ላንተ ዕቅድ ነበረው አለው። ማይክል እኔ የራሴ ዕቅድ አለኝ አለ። ጨብጦ እንኳን ደስ ያለህ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ፍሬዶ።

ስለዚህ ማይክል የአባቱን ዕቅድ መስበር የሚችል ሰው ነው። ሰብሮታልም፤ ያውም በሃያዎቹ መጀመሪያ፣ ምንም ሥልጣን ሳይኖረው። ለአባቱ «አይ» ማለት የማይችል ልጅ ቢሆን ኖሮ አዝንለት ነበር። «አይ» ማለት ይችልበታል። ለደጉ ዕቅድ ነው አይ ያለው።

ደንበጫ ገበያ (ደንበጫ)

እኔ ልጅ ሆኜ ቪዲዮ ቤት ነው ያየሁት። እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሽማግሌውን ሁሉም እጁን ሲስመው አይተን ቄስ ነው ብለን ተስማምተን ነበር። ለምን እንደተኮሱበት እስከ መጨረሻው አልገባንም። አሁን ይሄን ክር ሳነብ ነው የገባኝ። ቀጥሉ።

ዳኛው (ፍኖተ ሰላም)

ዳኛ አይደለሁም፤ ስሜ ነው የሚያሳስተው። ግን የደም ነገር ሽምግልና ውስጥ ቁጭ ብዬ አይቻለሁና በዚያ በኩል ልግባ።

እኛ አገር ደም ሲፈስ ገዳዩ ይሸሻል። ወገኑም ይሸሻል። ከዚያ ሽማግሌና ቄስ ይገባሉ፣ ካሳ ይቆረጣል፣ መሐላ ይደረጋል፣ ደሙ ይደርቃል። ከባዱ ነገር ካሳው አይደለም። ሟች ወገን እሽ እንዲል ማድረግ ነው። አንዳንዱ እሽ ይልና በሆዱ ቀን ይጠብቃል። ሽማግሌ የሚፈራው እሱን ነው። ፎክሮ የወጣውን ሰው ሁሉም ያየዋል፤ ዝም ብሎ የተቀመጠውን ግን ማን ያውቀዋል?

ቪቶ ሶኒ ከሞተ በኋላ ያደረገው ይሄን ነው። የአምስቱን ቤተሰቦች አለቆች ሰብስቦ በቃ አለ። በልጄ ደም አልበቀልም አለ። በልጅ ልጆቹ ምሎ ሰላሙን የሚያፈርስ እኔ አልሆንም አለ። ለትንሹ ልጁ ያለውን ደግሞ አስታውሱ። ማይክል በደህና ይመለስልኝ፤ መብረቅ እንኳ ቢመታው እዚህ ካላችሁት ሰዎች አንዳንዶቻችሁን ነው የምወቅስ አለ። ስለ ዕድል የምትከራከሩ ሰዎች ይሄን ንግግር እንዴት አለፋችሁት? ሰውየው ለልጁ ሲሆን መብረቅን እንኳ በዕድል አልቆጠረም። ከያንዳንዱ ነገር ጀርባ ሰው አለ ባይ ነው።

ማይክል ምን አደረገ? መሐላው የአባቱ ነው፤ የሱ አይደለም። ስለዚህ አባቱ እስኪሞት ጠበቀ። ቪቶ ቲማቲም ተክሉ መሃል ከልጅ ልጁ ጋር ሲጫወት ወድቆ ሞተ። ከዚያ በኋላ ነው ክርስትናው ላይ ያ ሁሉ ሰው ያለቀው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክፍል ሂዱ። ፍሬዶ ከጠላት ጋር ተነጋግሮ ወንድሙን አጋልጧል። ማይክል አወቀ። ለገዳዩ ለአል ኔሪ ምን አለው? እናቴ በሕይወት እያለች ምንም እንዳይደርስበት። እናትየው ሞተች። ለቅሶው ላይ ኮኒ ተንበርክካ ለመነችው። ሄዶ ፍሬዶን አቀፈው። በእናታቸው ሬሳ ፊት፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ወንድሙን አቀፈው። እያቀፈው ኔሪን በዓይኑ አየው።

ሁለት ጊዜ፣ አንድ ዓይነት አሠራር ነው። የአባት ሞት፣ ከዚያ ደም። የእናት ሞት፣ ከዚያ ደም። ዕድል የጎተተው ሰው ይቸኩላል፣ ይደነግጣል፣ ይሳሳታል። ይሄ ሰው ቀን ይቆጥራል። ያውም የወላጆቹን ቀን። የመንቆረር ልጅ፣ የሆስፒታሉን ሌሊት ላንተ ትቼልሃለሁ። እዚህ ግን ጠበቃ ብትሆንለት ምን ትላለህ?

ቆጋ ዳር (መራዊ)

ይሄው ፍሬዶ ጋ ደረስን።

የመንቆረር ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

ደረስን። እስቲ እንደ ጠበቃ ልሞክር።

አንደኛ፣ አባትየው መሐላውን የማለው ማይክልን ለማስመለስ ነው። አልጋውን ለልጁ ሲለቅለት ምን እንደሚመጣ አያውቅም ትሉኛላችሁ? እኔ ያውቃል ባይ ነኝ። እንዲያውም እያማከረው ነው የኖረው። ስለዚህ የመጀመሪያው ደም የማይክል ብቻ አይደለም፤ ውርስ ነው። የአባት ዕዳ ያልኩት ይሄን ነው።

ሁለተኛ፣ ፍሬዶ። ጭራሽ ሳያውቅ ሊያስገድለው ነበር። የማይክል መኝታ ቤት በጥይት ሲበሳ ኬይ አጠገቡ ነበረች። ሌላ አለቃ ቢሆን በማግስቱ ነበር የሚገድለው።

ግን ዳኛው ያልከው መጠበቁ ነው ያስቸገረኝ። ስለሱ የምለው የለኝም። ለቅሶ ላይ ተቃቅፎ... እኛ አገር ለቅሶ ላይ የታረቀ ሰው ተመልሶ ቢበድል እድር የሚቀበለው አይመስለኝም።

የበረሃው ሾፌር (ደጀን)

ፍሬዶን አሳ ሊያጠምዱ ጀልባ ላይ አወጡት አይደል? ትንሹ ልጅ አንቶኒ አብሮ ሊሄድ ነበር፣ ጠርተው አስቀሩት። ፍሬዶ አሳ እንዲይዝለት የእመቤታችንን ጸሎት እየደገመ ነበር የተመታው። ማይክል በመስኮት ቆሞ ያያል። እኔ እዚህ ላይ ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ ወጥቼ ነበር። ባለቤቴ ምን ሆንክ አለችኝ።

አማኑኤል መንገድ (አማኑኤል)

ከፍሬዶም በላይ እኔን ያሳመመኝ የሁለተኛው ክፍል ባላጋራው ሃይማን ሮት ነው። የማርቆስ ልጆች አትናደዱብኝ፣ ወገን ልቀይር ነው። ሮት ሽማግሌ ነው፣ በሽተኛ ነው፣ ሊሞት ነው። የሚቀበለው አገር አጥቶ አየር ማረፊያ ላይ ተይዟል። ቶም ማይክልን አሸንፈሃል እኮ፣ ሁሉንም ማጥፋት አለብህ ወይ አለው። ማይክል ሁሉንም አይደለም፣ ጠላቶቼን ብቻ አለ። እዚህ ማን አስገደደው? ደም የለም፣ አደጋ የለም፣ ሽማግሌው በራሱ ጊዜ የሚሞት ነው። ሰው በበሽታ የሚሞትን ሰው ሲቀድመው ለዕድል እንኳ ሥራውን ቀማው ማለት ነው።

ብቸና ነኝ (ብቸና)

አሁን ሰው ሆንክ።

ጣና በለስ (ባሕር ዳር)

ዘግይቼ መጣሁ፣ ይቅርታ። ሴቶቹን ማንም አላነሳቸውም፤ እታለም አንቺ እንኳ!

ማይክል ኬይን ሲመልሳት በአምስት ዓመት ውስጥ ቤተሰቡ ሕጋዊ ይሆናል ብሎ ነው። ካርሎን ባስገደለ ቀን ዓይኗን እያየ አልገደልኩም አላት። በሩ ፊቷ ላይ ተዘጋ። በሁለተኛው ክፍል ኬይ ያረገዘችውን ልጅ አስወረደችው፤ ይሄ ነገር በዘር እንዳይቀጥል ብላ። ይሄን ስትነግረው በጥፊ መታት፣ ልጆቿንም ነጠቃት።

ኬይ እንግዲህ የዚያ ቤት ሰው አይደለችም። ጣሊያንም አይደለችም። ደሙ አይመለከታትም። ግን ዕድልን ማቋረጥ የፈለገች እሷ ናት። የቻለችው በምን እንደሆነ አያችሁ። ሌላ በር ሁሉ ተዘግቶባት ነው። እኔ ተጠቂ የምለው በሩ የተዘጋበትን ሰው ነው። የማይክልን በር የዘጋው የለም፤ እሱ ነው ሲዘጋ የኖረው። አፖሎኒያም፣ ኮኒም፣ ሴት ልጁ ሜሪም በሱ ዕዳ ነው የከፈሉት።

ዋሸራ (ሰከላ)

ሜሪን ካነሳሽ ሦስተኛውን ክፍል ልጨምር። ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ እኔ ግን አንድ ትዕይንቱን እወደዋለሁ። ማይክል አርጅቶ፣ ስኳር በሽታ ይዞት፣ ካርዲናሉ ዘንድ ይሄዳል። ካርዲናሉ ከግቢው የውሃ ገንዳ ውስጥ ድንጋይ አውጥቶ ይሰብርና ውስጡ ደረቅ መሆኑን ያሳየዋል። ብዙ ዘመን ውሃ ውስጥ ኖሮ ውሃ አልገባውም። ከዚያ ማይክል ይናዘዛል። የእናቴን ልጅ ገደልኩ ብሎ ያለቅሳል።

ልብ በሉ፤ ሲናዘዝ «ተገደድኩ» አላለም። «ዕድሌ ነው» አላለም። ገደልኩ ነው ያለው። እኛ እዚህ የምንከራከርለትን ነገር እሱ ራሱ አልተከራከረም። ንስሐ አባት ፊት ዕድል ምስክር ሆኖ አይቆምም። ካርዲናሉም ሕይወትህ ሊድን ይችላል፣ አንተ ግን እንደሚለወጥ አታምንም ይለዋል። ከዚያ ወጥቶ ምን አደረገ? ኃይሉን ለወንድሙ ልጅ ለቪንሰንት ሰጠ። ጥይቱ ቆሞ አልቀረም። ኦፔራው ደረጃ ላይ ለሱ የተተኮሰው ሜሪን መታ።

የመንቆረር ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

ዲያቆን፣ ለሱ የተተኮሰ ጥይት ልጁን መታ። አፖሎኒያም ለሱ በተጠመደው ነው የሞተችው። ሁለት ጊዜ ሞት እሱን አልፎ የሚወደውን ወሰደበት። ይሄንንም ዕድል አትሉትም?

ዋሸራ (ሰከላ)

ጥይቱ ማንን እንደሚመታ ዕድል ልትለው ትችላለህ። ለምን እንደተተኮሰ ግን አይደለም።

ጋሽ መምህር (ደብረ ማርቆስ)

ዲያቆን፣ ዋሸራ ሲባል እንዲህ ነው። የመንቆረር ልጅ፣ ተሸነፍክ ወይስ ገና ነህ?

የመንቆረር ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

ገና ነኝ ጋሼ። የሆስፒታሉን ሌሊት አልሰጥም። ያን ሌሊት አባቱን ጥሎ የሚሄድ ልጅ አሳዩኝና እሰጣለሁ። ምግብ ቤቱን ግማሽ ለዕድል፣ ግማሽ ለማይክል አድርጉልኝ። ክርስትናው ላይ የሆነውን የአባትና የልጅ የጋራ ሥራ እለዋለሁ። ከሮት ጀምሮ ያለውን ውሰዱት፤ የሱ ነው። በፍሬዶ ጉዳይ ጠበቃም ቢያቆም እኔ አልቆምለትም።

ቆጋ ዳር (መራዊ)

ግማሽ ለዕድል የሚባል ግድያ አለ እንዴ? ማክላስኪ በግማሽ ነው የሞተው?

እታለም (ቡሬ)

ተወው፣ ለሠርግ እንደሚከፋፈል ሙዳ ሥጋ አካፍሎታል እኮ። የሆስፒታሉን ሌሊት ስጡት፤ እኔም እሰጠዋለሁ። አሁን ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ቪቶስ? ዘጠኝ ዓመቱ ላይ አባቱም፣ ወንድሙም፣ እናቱም ተገድለውበት ብቻውን መርከብ ተሳፍሮ አሜሪካ የገባ ልጅ ነው። ስሙን እንኳ በመግቢያው ላይ ቀየሩበት። ለሱስ ጠበቃ የሚቆም የለም?

የመንቆረር ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

እሱን ለኔ ተዉልኝ። ነገ አዲስ ክር እከፍታለሁ። ዳኛው፣ አንተም ተዘጋጅ፤ የሰፈሩን ቀማኛ ፋኑቺን የገደለበትን ሌሊት ይዤ ነው የምመጣው።